ዳግም አስጀምር

አውቶቡስ ተራው ውስጥ ጡሩምባ እያሉ ነበር የሚጠሯት። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮቹ ናቸው። የመነሻ ሰዓት የምታስታውቅባት ክፍል ከቁም ሣጥን ብዙም አትሰፋም፤ ማይኩም ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሽ ቀን ያኮርፋል። ሲያኮርፍ ጡሩምባ በሩን ብርግድ አድርጋ ትከፍትና በባዶ ጉሮሮዋ ትለቀዋለች። ያኔ ሻንጣው ላይ ያንቀላፋው መንገደኛ ብንን ብሎ ይነሣል፤ መጸዳጃ ቤት የገባው ቀበቶውን እንኳ ሳይቆልፍ እየሮጠ ይወጣል። «ማይኩ ባይጠገንም ግድ የለም፤ እሷ ትበቃናለች» ይባባሉ ነበር ሾፌሮቹ።

ባሏም የዚያው ግቢ ሰው ነው። ጋራዡ ውስጥ መካኒክ ነበር። አንድ ቀን ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ፊቱ ላይ ፈነዳና አሲዱ ሁለቱንም ዐይኖቹን ይዟቸው ሄደ። መፍቻ ካስቀመጠ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ሰፈሩ ዛሬም መካኒኩ ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ ዐይኑ የእሷ አፍ ሆነ። መንገድ ሲወጡ ክንዱን ይዛ ያየችውን ሁሉ ትነግረዋለች፤ የማን ልጅ እንደ ተመዘዘ፣ የማን አጥር እንደ ዘመመ፣ ማን አዲስ ጫማ አድርጎ እንደሚንጎራደድ። አንዳንዴም ከራሷ ጨመር ታደርግበታለች። «ይቺ ጎረቤታችን በአንቺ አፍ ስንቴ ነው የምትወፍረው?» እያለ ይስቅባት ነበር።

በኋላ ጉሮሮዋ ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ማንቁርትዎ መውጣት አለበት። ይኖራሉ፤ መናገር ግን አይችሉም» አላት።

ጡሩምባ እዚያው ወንበሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ቤት ስትመለስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እሱስ በምን ያየኛል?»

ይህን በስልክ የሰማችው የእህቷ ልጅ ናት። ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነች። ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ታብሌት በቦርሳዋ ሸጉጣ መጣች። ኦፕሬሽኑ ሳይደርስ አክስቷን መኝታ ቤት አስገብታ፣ የጎዳናው ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስታናግራትና ድምፅዋን ስትቀዳ ከረመች። ከዚያ ቃሉን እየቆራረጠች ታብሌቱ ላይ ቁልፍ ቁልፍ አድርጋ ደረደረችው። አንዱ ሲነካ «ሻይ ደርሷል» ይላል፤ አንዱ «ደረጃ አለ፣ ቀስ በል»፤ አንዱ «እዚሁ ነኝ»። ሁሉም በጡሩምባ በራሷ ድምፅ። እንዲያውም መካኒኩ የንዴትም ቁልፍ ይኑራት ብሎ ስለ ሞገተ፣ «አንተ ሰው ግን አትሰማም!» የምትልበት አንድ ቀይ ቁልፍ ተጨመረላት።

ኦፕሬሽኑ አልፎ፣ አንገቷ ላይ በተከፈተችው ቀዳዳ መተንፈስ ስትለምድ፣ ቤቱ እንደገና ድምፅ ነበረው። በቀዳዳዋ ላይ ስስ ሻርፕ ጣል ታደርጋለች፤ ታብሌቱን በማንገቻ ደረቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ኑሮ ቀጠለ።

እየዋለ እያደረ ግን ታብሌቱ መንቀራፈፍ ጀመረ። ቁልፉን ስትነካው ቆም ብሎ ያስባል፣ ከዚያ ይናገራል። አንድ ቀን ከመካኒኩ ጋር መንገድ ሲሄዱ ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ፊታቸው ሲደርስ ክንዱን ለቅቃ «ቁም!» የሚለውን ነካችው። ታብሌቱ «ቁም!» ያለው መካኒኩ አንድ እግሩ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ጉልበቱ ከተላጠ በኋላ ነው። እሱ «ምንም አይደል፣ ቆሜያለሁ» ብሎ ቀለደ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች።

በማግስቱ ጠዋት መካኒኩ በረንዳው ላይ ራዲዮ ይሰማል። ጡሩምባ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታብሌቱን አስተኝታ ማስተካከያውን ትበረብራለች። ወደ ታች፣ ወደ ታች ስትል «ዳግም አስጀምር» የሚል አገኘች። ትንሿ ስልኳ ስትንቀራፈፍ አጥፍታ ስታበራት እንደሚሻላት ታውቃለች፤ ይኼም ያው መሰላት። ከሥሩ «ሁሉም ውሂብ ይደመሰሳል» ይላል። ውሂብ ምን እንደሆነ ጡሩምባ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ማስታወቂያ ስታነብ ይህን ቃል ከሰው አፍ ሰምታው አታውቅም። ታብሌቱን የሚያንቀራፍፈው አንድ ዓይነት ጉድፍ ሳይሆን አይቀርም ብላ ገመተች። እንግዲያው ይደምሰሳ፣ አለች በልቧ። ነካችው።

ታብሌቱ ጠቆረ። ከዚያ አንድ ክብ ነገር እየተሽከረከረ ብቅ አለና ከሥሩ «በማጥፋት ላይ» አለ።

ማጥፋት የሚለውን ግን ታውቀዋለች።

የማብሪያውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ ክቡ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቀችም። ከዚያ መልሳ አበራችው። የፋብሪካው ምልክት ብቅ አለ፤ ጠፋ። ብቅ አለ፤ ጠፋ። እንደሚያጣጥር ሰው ነበር። ቁልፎቹ የሉም፣ ምንም የለም፣ ያው ምልክት እየመጣ ይሄዳል።

«አንቺ! ሻይ አልደረሰም እንዴ?» አለ መካኒኩ ከበረንዳው።

ጡሩምባ ማብሪያውን ደግማ ተጫነችው።

«አንቺ? አለሽ?»

ሮጣ ሄዳ ትከሻውን ያዘችው። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን በሻርፑ ሥር ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ምነው? ትንፋሽሽ ያፏጫል እኮ! አነቀሽ እንዴ?»

ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ ቁጭ በል፣ መጣሁ ለማለት ነው። እሱ ግን እንዴት ብሎ ይወቀው? ታብሌቱን ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር በሩን ወርውራው ወጣች። «የት ነው የምትሄጂው? አንቺ!» የሚለው ጩኸቱ እስከ መታጠፊያው ተከተላት።

ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ አንድ ጠባብ ሱቅ አለ፤ ስልክ፣ ታብሌት፣ ኮምፒውተር ይጠገንበታል። የሱቁን ባለቤት ሰው ሁሉ «አልሞተም» ነው የሚለው። የተሰበረም ይምጣለት፣ ውኃ የገባበት፣ መኪና የሄደበት፣ ገና እጁ ላይ ሳይደርስ «አልሞተም» ይላል። አብዛኛውንም ጊዜ እውነቱን ነው።

ጡሩምባ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ታብሌቱን የዕቃ ማሳያው መስታወት ላይ አስቀምጣ፣ ወረቀት በእጇ ጠይቃ፣ ያደረገችውን ጻፈችለት። ጠጋኙ አነበበ። ታብሌቱን አበራው። ምልክቱ ብቅ አለ፤ ጠፋ። ሁለት ቁልፎች ባንዴ ተጭኖ እንደገና አበራው፤ ጥቁር ገጽ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ መጣ። «እንደገና ሞክር» የሚለውን መረጠ። ምልክቱ መጣ፤ ጠፋ። አሁንም ሞከረ። ያው ነው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ።

ጡሩምባ ዐይኗን ከከንፈሩ ላይ አልነቀለችም። ያቺን አንዲት ቃል እየጠበቀች ነው። አልመጣችም።

«እውነቱን ልንገርዎት እናቴ» አለ። «ይኼ ማለት ቤት ማፍረስ ተጀምሮ መሐል ላይ ሲቆም ማለት ነው። ጣሪያው ተነሥቷል፣ ግድግዳው አለ። አይኖሩበት ነገር፣ አዲስ አይሠሩበት ነገር። መንገዱ አንድ ነው። የጀመረውን ይጨርስ። ባዶ ይሆናል፤ ግን ይነሣል።»

«ድምፄስ?» ብላ ጻፈች።

«ስፒከሩ ደህና ነው፤ ድምፅ እንኳ ያወጣል።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም። እንዴት ብላ እንደምታስረዳው ጨነቃት። ወደ በሩ ጀርባዋን ሰጥታ ሻርፑን ፈታች።

ጠጋኙ ቀዳዳዋን አየ። ከዚያ ታብሌቱን አየ። መነጽሩን አውርዶ ጠረገ። አሁን ገባው።

«እዚህ ውስጥ ነው ያለው?»

አዎ፣ አለች በራሷ።

«ሌላ ቦታስ? የቀዳው ሰው ጋ?»

አላወቀችም። ትንሿን ስልኳን አውጥታ ለእህቷ ልጅ መልእክት ሰደደች። ጠጋኙ ታብሌቱን ቻርጅ ላይ ሰካው፤ «ሁለተኛ መሐል ላይ እንዲቆም አንፈልግም» አለ። መልሱ ግን ቀረ። ልጅቱ ተረኛ ነች፤ ሥራ ላይ ስልክ አትይዝም። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ጠጋኙ የሌላውን ስልክ እየፈታ በየመሐሉ ቀና ብሎ ያያታል፤ እሷ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ እንቁላል ትጠብቃታለች። መካኒኩ አሁን ምን እያደረገ ይሆን? ምድጃውን አጥፍታ ይሆን የወጣችው? ልሂድ ብላ ትነሣለች፤ ሄጄ ምን ልለው ብላ ትቀመጣለች።

በመጨረሻ ስልኳ ጮኸች። «አክስቴ አሁን ነው ያየሁት። ቁልፎቹ ታብሌቱ ውስጥ ስለሆኑ አይተርፉም። የሁለቱ ቀን ዋና ቅጂ ግን ሚሞሪ ካርዱ ላይ መሰለኝ። ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ካርዱ ይውጣ።»

«መሰለኝ» አለ ጠጋኙ፣ ቃሉን እያኘከው። በቀጭን ሽቦ የታብሌቱን ጎን ነካ ሲያደርገው ጥፍር የምታክል ካርድ ወጣች። ወደ ኮምፒውተሩ አስገባት። አንድ ማኅደር፤ ውስጡ ረጃጅም ፋይሎች። «የመጀመሪያው ቀን አለ» አለ። ወደ ታች ሄደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ። «የሁለተኛው ቀን የለም። እሱ ታብሌቱ ላይ ነው የተቀዳው ማለት ነው።» ቆየት ብሎ፣ «እሱ እንግዲህ ሄዷል እናቴ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

መጀመሪያ ያለውን ፋይል ከፈተው። ትንሽ ዝምታ ነበር። ከዚያ ጠባቡ ሱቅ በጡሩምባ ድምፅ ተሞላ፤ «አንድ፣ ሁለት… አንድ፣ ሁለት። ይሰማል?»

ማይክ ስትሞክር ነው። ልጅቱ ቆርጣ ያወጣችው፣ ለማንም የማይጠቅም የመጀመሪያው ኮተት። ጡሩምባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያልተቆራረጠ፣ ያልተጣራ፣ እንደ ድሮው ጆሮ የሚያደነቁር የራሷ ድምፅ ነው።

ጠጋኙ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠና ወደ እሷ ዞረ። «አሁን የርስዎ ፈቃድ ነው። ልጨርሰው?»

የሁለተኛውን ቀን አሰበች። ምን ብላ ነበር ያን ቀን? ቀዩ ቁልፍ፣ የጎረቤቶቹ ስም፣ ሌላም ሌላም። ዐይኗን ጨፍና ራሷን ወደ ታች አደረገች።

«በማጥፋት ላይ» የሚለው ተመልሶ መጣ። ጡሩምባ እጆቿ አመላቸው ተነሥቶባቸው ቁልፉን እንዳይዙ ሁለቱንም ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ክቡ ዞረ፣ ዞረ። ምልክቱ ብቅ አለ። ጠጋኙ ትንፋሹን ያዘ። አልጠፋም። ከብዙ መጠበቅ በኋላ ነጭ ገጽ ወጣና ሰላም አላቸው፤ አዲስ እንደተገዛ ዕቃ።

ገና ሳይደሰቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ታብሌቱ ቀድሞ የማን እንደነበረ ካልተነገረው አልሠራም አለ። ለእህቷ ልጅ ሌላ መልእክት ተላከ፤ ደግነቱ ዕረፍት ላይ ነበረችና ቶሎ መለሰች። የይለፍ ቃሉ «ጡሩምባ» ነው፤ በላቲን ፊደል። ጠጋኙ ሁለቴ ተሳሳተ።

«ይኼን ቃል ማን ነው በዚህ ፊደል ጻፉ ያለው?» ብሎ ተነጫነጨ። «ለመሆኑ የምን ጡሩምባ ነው?»

ጡሩምባ ጣቷን ወደ ራሷ ጠቆመች። ጠጋኙ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በሦስተኛው ገባለት። ካርዷን መልሶ ከተተና የቀረጻውን ማኅደር ፊት ለፊት አወጣላት። «ይኼን ሲነኩ ይናገራል። ቁልፎቹን ልጅቱ ስትመጣ ትሥራቸው። አይዞዎት፣ አልሞተም።»

ጡሩምባ መንገዱን በግማሽ ሩጫ ጨረሰችው። ቤት ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ራዲዮው በረንዳ ላይ ብቻውን ያወራል። ወንበሩ ባዶ ነው። ጓዳ ገባች፣ መኝታ ቤት አየች፣ ጓሮውን ዞረች። በር ጥግ የሚቆመው ዱላው የለም።

ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «መካኒኩን ነው? አሁን ገና እኮ ነው የወጣው! የት ነው ብለው፣ ‹ሚስቴን አንቋታል፤ ጤና ጣቢያ ሳትሄድ አትቀርም› አለኝ። ላድርስህ ስለው ማን ይስማኝ።»

ጤና ጣቢያው ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው።

ጡሩምባ ሮጠች። ቀዳዳዋ ያፏጫል፣ ሻርፑ ከአንገቷ ተንሸራቷል፣ ሰው ዞር እያለ ያያታል። ጉዳይዋም አልነበረም። መንገዱ ዳር ስትደርስ አየችው። እስከ መሐል እንዴት እንደ ተሻገረ እንጃ፣ የመንገዱ አካፋይ ላይ ቆሟል፤ ጀርባውን ሰጥቷታል። ዱላው የአካፋዩን ጠርዝ ይፈልጋል። ጆሮውን ወደ ላይኛው በኩል ሰጥቶ ያዳምጣል። መካኒክ ነውና ሞተር ያውቃል፤ የሞተር ድምፅ ጋብ ሲል ይሻገራል።

ከቁልቁለቱ አንድ ሚኒባስ እየወረደ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶታል። ጎማው ብቻ ይንሸራተታል። ጡሩምባ ታየዋለች። መካኒኩ አይሰማውም።

አጨበጨበች፤ በመሐላቸው የሚያልፈው ጭነት መኪና ዋጠው። ጮኸች፤ በአንገቷ ነፋስ ወጣ። መካኒኩ ዱላውን አስፋልቱ ላይ አወረደ። እግሩን አነሣ።

የታብሌቱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ጨምራ፣ ታብሌቱን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ፣ በአውራ ጣቷ ነካችው።

«አንድ፣ ሁለት… አንድ፣ ሁለት። ይሰማል?»

እግሩ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ኋላ መለሰውና መላ ሰውነቱን ወደ እሷ አዞረ። ሚኒባሱ ከጀርባው ሹልክ ብሎ አለፈ፤ ነፋሱ የኮቱን ጫፍ አርገበገበው።

«ይሰማል!» ብሎ ጮኸ መካኒኩ። «ይሰማል! የት ነሽ?»

ቀረጻው ግን የራሱን ወሬ ቀጥሏል። የእህቷ ልጅ ስትስቅ ተሰማ፤ «አክስቴ ትንሽ ራቅ በይ፣ ጆሮዬን እኮ አደነቆርሽው!» ከዚያ የጡሩምባ ድምፅ፤ «ታዲያ ምን ላድርግሽ፣ ጉሮሮዬ ቮልዩም የለው!» መካኒኩ ግራ ገባው፤ «ልጅቱ መጥታለች እንዴ?» እያለ ሲጠይቅ ጡሩምባ ክፍተት አግኝታ ተሻገረችና ሁለት ክንዶቹን ጨመደደቻቸው።

መልሳ አሻግራው መንገዱ ዳር ያለ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጡ። እሱ እጁን ሰዶ ፊቷን፣ አንገቷን፣ ሻርፗን ዳበሰ። ደህና መሆኗን ሲያውቅ ቁጣው መጣ። «ምን ሆነሽ ነው? ሰው እንዲህ ጥሎ ይሮጣል? ልቤ ሊቆም እኮ ነው! ተናገሪ እንጂ!»

የምትናገርበት ቁልፍ የለም። ዙሪያዋን ወረቀት ፈለገች፤ ለማን ነው የምጽፈው ብላ በራሷ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። መካኒኩ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ተሰማውና ቁጣውን ተወ። እጁን ጭኗ ላይ ዘረጋ። ጡሩምባ መዳፉን አየች። ሰፊ ነው፤ የድሮ ጠባሳዎቹ ደብዝዘዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለአንዳቸውም ያልታሰበ ነገር መጣላት። ገለበጠችውና በጣቷ ጫፍ መጻፍ ጀመረች።

«ምንድን ነው፣ ይኮረኩረኛል… ቆይ። ቆይ። አ?» አለ መካኒኩ፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «አ። ቀጥይ… ጠ። ፋ። ሁ። ‹አጠፋሁ›? ምን አጠፋሽ?»

«ድምፄን» ብላ ጻፈች።

መካኒኩ መዳፉን ጨበጥ ዘርጋ አደረገ። «በፀሐዩ ፀ ነው በጸሎቱ ጸ የጻፍሽው?»

ፀሐዩን ደግማ ጻፈችለት።

«እንዲያ ነው እንጂ። አላጠፋሽም ማለት ነው» አለና አንገቷን ወደ ራሱ ሳባት። ጡሩምባ ደረቱ ላይ ተደፍታ አልቅሳ ወጣላት።

የእህቷ ልጅ ፈቃድ አግኝታ እስክትመጣ ሳምንታት ሄዱ። መጥታም ከመጀመሪያው ቀን ቀረጻ የተገኘውን ያህል ቆራርጣ ቁልፎቹን እንደገና ሠራች፤ ቅጂውንም አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለጠጋኙ አስቀመጠች። «ደረጃ አለ» ተገኘ፤ «እዚሁ ነኝ» ተገኘ። የንዴቱ ቀይ ቁልፍ ግን ከሁለተኛው ቀን ጋር ጠፍቶ ቀረ። መካኒኩ ከልቡ አዘነ። «እንግዲህ በምንሽ ልትቆጪኝ ነው?» ሲላት መዳፉን ቆንጠጥ አደረገችው።

አሁን ቱቦና ደረጃ ሲኖር ታብሌቱ ይናገራል። ወሬው ግን በመዳፍ ነው። አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ጡሩምባ አላፊ አግዳሚውን እያየች ጣቷን ታስሮጣለች፤ መካኒኩ ፊደል ሲያመልጠው «ድገሚው» ይላል፣ ሲገባው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ልብስ ሰፊው መርፌውን አቁሞ ይሰማል፤ የሚሰማ ነገር የለም።

«ምን አለችህ?» አለ አንድ ቀን አላስችል ቢለው።

መካኒኩ የሳቅ ዕንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ስለ ሱሪህ ነው» አለው። «ለሰው እየሰፋህ የራስህን መቀመጫ ግን ክፍቱን ትተኸዋል አሉ።»